ቲክቶክ «ጊፍት» ስላለው ስጦታ ነው ወይ?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት እሠራለሁ፤ ደሞዜ በዓመት 42,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ ያላገባሁ ነኝ። ማታ ማታ ቤቴ ቡና እያፈላሁ ቲክቶክ ላይ ላይቭ እገባለሁ። ያስጀመረኝ ብቸኝነት ነበር፤ ቆይቶ ሰው ጊፍት መላክ ጀመረ። በ2024 3,100 ዶላር፣ ባለፈው 2025 ደግሞ 11,400 ዶላር አካውንቴ ገብቷል።

የ2024ን ታክስ ሳሠራ የሰጠሁት ደብልዩ ቱዬን፣ የደሞዜን ወረቀት፣ ብቻ ነው። ለሠራልኝ ሰው የቲክቶኩን ስነግረው «ጊፍት አይደል? ስጦታ ታክስ የለውም፣ ተዪው» አለኝ። ጓደኞቼም «1099 (ከፋዩ ለታክስ መሥሪያ ቤቱም የሚልከው የገቢ ወረቀት) ካልመጣልሽ አያውቁም» ይላሉ። ሰሞኑን ግን ላይቭ የምትገባ አንዲት ልጅ ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ ደረሳት ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚሁ ገንዘብ 4,000 ዶላር ደሴ ላለችው እናቴ ቀዶ ሕክምና ልኬያለሁ። አዲስ አበባ ሆና ቪዲዮ ለምትቆርጥልኝ የአክስቴ ልጅ በየወሩ 100 ዶላር እልካለሁ። ያረፈ ጎረቤታችንን አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ደግሞ በኬሽ አፔ፣ በስልክ ገንዘብ መቀበያዬ፣ 1,900 ዶላር ሰብስቤ ለቤተሰቡ አስረክቤያለሁ። ይሄ ሁሉ ይቆጠርብኛል? ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት አመለክታለሁ። ላይቩን ልተወው? ለላይቭ ብዬ በ350 ዶላር ያሠራሁት የሐበሻ ቀሚስስ?

እንቅልፍ ያጣችው

መልስ፦

እህቴ፣ እንቅልፉ ይመለሳል። የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት፤ ዕዳሽ ከፈራሽው ያንሳል፣ ከተነገረሽ ግን ይበልጣል። ደግሞም በጊዜው ነው የጻፍሽው፤ ይህን ስጽፍ ታክስ የሚገባበት ኤፕሪል 15 ገና አምስት ሳምንት አለው።

ከጊፍቱ እንጀምር፣ ጭቅጭቁ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ። ስጦታ ለተቀባዩ ገቢ አይደለም የሚለው እውነት ነው፣ ሕጉም ይላል። ታክስ ሠሪሽ ግማሹን ያውቃል ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ካዲላክ መኪና ውስጥ ነው ያለው። ዱበርስታይን የሚባል ነጋዴ ለአንድ የሥራ ወዳጁ «እገሌ ከአንተ ሊገዛ ይችላል» እያለ የደንበኛ ስም ይጠቁመው ነበር። ወዳጁ ተደሰተና ካዲላክ ላከለት። ሰውየው «አልጠየቅሁም፣ ስጦታ ነው» ብሎ ታክሱ ላይ አላስገባውም። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1960 ተረታ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ስጦታ የሚባለው ምንም ውለታ ሳይታሰብ ከንጹሕ ቸርነት የተሰጠ ነው፤ ስሙን ማንም ምንም ይበለው።

አሁን ያንቺን ላይቭ አስቢው። ሰው በገንዘቡ የቲክቶክ ኮይን ይገዛል፤ በኮይኑ በስክሪኑ ላይ ጽጌረዳ ይልካል፣ የደላው አንበሳ ያወርዳል። አንቺ ስሙን ጠርተሽ ታመሰግኛለሽ፣ ቡናውን ትቀጂያለሽ፣ ትጫወቺያለሽ፣ ባትል፣ ማለትም ከሌላ ላይቭ ገቢ ጋር ፉክክር፣ ካለ «ታፕ ታፕ አድርጉ» ትያለሽ። ቲክቶክ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ለአንቺ ይከፍላል። ይኼ ሥራ ነው እህቴ። በየምሽቱ ትገቢያለሽ፣ ቪዲዮ ቆራጭ ቀጥረሻል። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ሥራ አይደለም» ማለት እኔን ያስቸግረኛል።

የጎረቤትሽ ገንዘብ ግን ሌላ ነው፣ ነፍሱን ይማር። እዚያ ሰዎቹ የሰጡት ለሐዘን ነው፤ አንቺ መያዣ ሆንሽ እንጂ ለራስሽ አልተቀበልሽም። ያ 1,900 ዶላር ገቢሽ አይደለም፣ ፎርም ላይ አይጻፍም። ሆኖም በአንቺ ስም ነው የገባው። ስለዚህ የኬሽ አፑን ዝርዝር አትሚው፤ ቤተሰቡ መቀበላቸውን የሚገልጽ ሁለት መስመር በፊርማ አድርገሽ፣ የቀብር አስፈጻሚውን ደረሰኝ ኮፒ ጨምረሽ በአንድ ፖስታ አስቀምጪ። በእድራችን ሒሳብ ያዥ የሚያደርገውን ነው የምልሽ፣ አዲስ ነገር አይደለም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ደግሞ የራስሽ ገንዘብ ከሚገባበት አካውንት ጋር አትቀላቅዪው።

ቀጥሎ የ1099 ወሬ። ይቺን ወሬ በየዓመቱ እሰማታለሁ፣ ቁጥሯ ብቻ ይለዋወጣል። ለ2025 ክፍያ ከፋዩ ወረቀት የሚልከው ከ600 ዶላር ጀምሮ ነው፤ ከ2026 ክፍያ ጀምሮ ወደ 2,000 ከፍ ብሏል። ኬሽ አፕና ፔይፓልን የመሳሰሉት ለንግድ ክፍያ 1099-ኬ የሚባለውን የወረቀቱን ዓይነት የመላክ ግዴታ ያለባቸው ከ20,000 ዶላርም ከ200 ግብይትም ሲያልፍ ነው። ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ የሚያስተላልፈው ዜል ጭራሽ አይልክም። ልብ በይ፣ እነዚህ ሁሉ የላኪው ግዴታዎች ናቸው። ያንቺ ቁጥር 400 ነው፦ በግልሽ ሠርተሽ ወጪ ተቀንሶ በዓመት 400 ዶላር ከተረፈሽ፣ ወረቀት መጣም አልመጣም ታሳውቂያለሽ። ለነገሩ ከቲክቶክ ገንዘብ ስታወጪ ስምሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ሞልተሽ የለም? ታዲያ «አያውቁም» የሚሉሽ ጓደኞችሽ ማንን ነው የሚያጽናኑት? ያቺ ልጅ የደረሳት ደብዳቤ፣ ከገመትኩት፣ ሲፒ2000 የሚባለው ነው። ከፋዩ የላከው ወረቀትና ሰውየው ያስገባው ታክስ አልገጥም ሲል ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ነው። ክስ አይደለም፣ ግን ሂሳቡን እነሱ ሠርተው ነው የሚልኩት፣ ሲሠሩም ወጪሽን አያውቁልሽም።

ወጪ ስል፣ እዚህ ጋ ትንሽ እንቀመጥ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ነው። የምትከፍዪው ከገባው ላይ ሳይሆን ከተረፈው ላይ ነው። ከደብዳቤሽ የማውቀው የአክስትሽን ልጅ 1,200 ብቻ ነው፤ ሌላውን ለምሳሌ ያህል በግምት ልሙላው። 1,000 ዶላር ስልክ ገዝተሽ ሰባ በመቶው ለላይቭ ከዋለ 700። መብራትና ማቆሚያ 140። ኢንተርኔት በወር 60፣ ግማሹ ለሥራ፣ በዓመት 360። ድምሩ 2,400 ዶላር። ከ11,400 ሲቀነስ 9,000 ዶላር ትርፍ። ይህ የሚሞላው ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ነው።

በዚህ 9,000 ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ነው፣ ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጠው። መጦሪያው ውስጥ ስትሠሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ከአንቺ ይቆረጣል፣ አሠሪሽም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ቡና ስታፈዪ ግን አሠሪም ሠራተኛም አንቺው ነሽ፤ 15.3 በመቶ። የሚሰላው ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ 1,272 ዶላር ይመጣል። ቀጥሎ የፌዴራል ገቢ ታክስ አለ። የሰልፍ ኢምፕሎይመንቱ ግማሽ ይቀነስልሻል፣ ከዚያ ለግል ሥራ ትርፍ የተፈቀደው 20 በመቶ ይቀነሳል፣ በቀረው ላይ በአንቺ ደሞዝ 12 በመቶ፤ 803 ዶላር። ሜሪላንድ 4.75 በመቶ፣ የምትኖሪበት ሞንጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ፤ ሁለቱ ተደምረው 665 ዶላር ገደማ። ጠቅላላው 2,740 ዶላር ነው። ወጪሽን ሳትመዘግቢ ብትቀሪ 3,470 ይሆን ነበር። 730 ዶላር ማለት ደረሰኝ ባለማስቀመጥ ብቻ የሚጠፋ ገንዘብ ነው።

በ1,272ቱ ላይ አታልቅሺ። እሱ ሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብሽ ላይ በስምሽ ይጻፋል፤ የጡረታሽ ልክ የሚወጣው ከተመዘገበው ገቢሽ ነው። ደብልዩ ቱ የሌላቸው፣ ኑሯቸው በላይቭ ብቻ የሆነ ልጆች አውቃለሁ። እነሱ ሲደብቁ አይአርኤስን የጎዱ ይመስላቸዋል፤ ለጡረታ የሚያስፈልጉት 40 ነጥቦች ግን በባዶ ዓመት አይሞሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ፣ ቲክቶክ ላይ ራሱ ሲወራ ስለሰነበተ። በ2025 በወጣው ሕግ ቲፕ ከገቢ ታክስ ላይ የሚቀነስበት መንገድ አለ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ባወጣው የሥራ ዝርዝር ውስጥም የዲጂታል ይዘት ፈጣሪዎች ተጠቅሰዋል። ሁኔታው ግን ብዙ ነው፤ ታክስ የሚሠራልሽን ሰው ጠይቂው እንጂ አስቀድመሽ አትቁጠሪበት። ቢሳካልሽም የሚነካው ያቺን 803 ነው፤ ሰልፍ ኢምፕሎይመንቱን አይነካውም። «ቲፕ ታክስ የለውም» ብሎ የሚለጥፈው ሰው ይህቺን አይነግርሽም።

የእናትሽን ጉዳይ ሳልፈልግ ነው የምመልሰው። የላክሽው 4,000 ዶላር ከታክስሽ ላይ አንዲት ሳንቲም አይቀንስልሽም። እናት በጥገኝነት የምትመዘገበው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ ስትሆን ነው። ደሴ በዚያ ዝርዝር የለችም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይቆጣል፣ እኔንም ያስቆጣኛል፤ እዚህ ያለነው ግማሾቻችን ሁለት ቤት ነው የምናስተዳድረው፣ ፎርሙ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያየው። ደግነቱ ስለላክሽም አንቺ ላይ የሚመጣ ታክስ የለም፤ በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 19,000 ዶላር ብትሰጪ ማሳወቅ እንኳ አይጠበቅብሽም። እግዜር ይማራት።

የአክስትሽ ልጅ ግን ደመወዝተኛሽ ናት፣ ስለዚህ የምትልኪላት ወጪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስላልሠራች 1099 አታወጪላትም፤ ከአሜሪካ ውጭ የምትኖር መሆኗን የምታረጋግጥበትን ደብልዩ ኤይት ቤን የሚባለውን ቅጽ አስሞልተሽ ፋይልሽ ውስጥ አኑሪው። በየወሩም «የመጋቢት ወር፣ ስምንት ቪዲዮ» የምትል አጭር ደረሰኝ በቴሌግራም ትላክልሽ። የእሷ ግብር በኢትዮጵያ ሕግ ነው የሚታየው፣ ያ የእሷ ጉዳይ ነው። ስትልኪላት ደግሞ ከባንክ አካውንትሽ ወይም በዴቢት ካርድ ይሁን። አንደኛ ማስረጃ ይሆንሻል። ሁለተኛ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየርስ ቼክ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ይቆረጣል። ሱቅ ሄደሽ ጥሬ ብር ስታስቆጥሪ እሱን ትከፍያለሽ፤ ለእናትሽ ስትልኪም ያው ነው።

አሁን ወደሚደረገው። የ2025 ገና ስላልገባ እሱ ቀላል ነው፤ ስኬጁል ሲውንና ሰልፍ ኢምፕሎይመንቱ የሚሰላበትን ስኬጁል ኤስኢ ጨምረሽ በአንድ ላይ አስገቢ። ገንዘቡ ባይሞላልሽ እንኳ ወረቀቱን በቀኑ አስገቢ። ያለማስገባት ቅጣት በየወሩ 5 በመቶ ነው፣ አስገብቶ ያለመክፈል ግን በየወሩ ግማሽ በመቶ። አሥር እጥፍ! «ብር የለኝምና ዘንድሮ አላስገባም» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ቢሮዬ መጥቷል፣ የሥጋ ቤት ፌስታል ውስጥ ያልተከፈቱ ፖስታዎች አጭቆ። የጎደለውን በአይአርኤስ ድረ ገጽ የክፍያ ስምምነት ትጠይቂበታለሽ፤ አጭሩ እስከ 180 ቀን ነው፣ ከዚያ የሚረዝምም አለ።

የ2024ቱ 1040-ኤክስ በሚባለው ማስተካከያ ይታረማል፤ ለሜሪላንድም የራሱ ማስተካከያ አለ። 3,100ው ላይ ወደ 500 ዶላር ወጪ ካገኘሽ ሁሉም ተደምሮ 800 ዶላር ገደማ ነው። ወለድ ይጨመርበታል፣ ጥቂት ቅጣትም ሊኖር ይችላል። ዋናው ነገር እነሱ ከመጻፋቸው በፊት ራስሽ ማረምሽ ነው። በቸልታ ለጎደለ ታክስ 20 በመቶ የሚደርስ ቅጣት አለ፤ ሳይጠሩሽ በፊት የገባ ማስተካከያ ከእሱ ያድንሻል። «ሦስት ዓመት ዝም ብል ያልፋል» የሚል ምክር ደግሞ ሳይደርስሽ አይቀርም። ሦስቱ ዓመት ሳያውቅ ለተሳሳተ ሰው ነው። ሆን ብሎ ለደበቀ የጊዜ ገደብ የለውም፤ አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አውቀሻል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለዜግነት በምትሞዪው ኤን-400 ላይ ያልተከፈለ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ታክስ ዕዳ አለብሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። በመሐላ ነው የሚመለሰው። እዚያ ላይ 800 ዶላር ምንም አይደለም፤ 800 ዶላሩን ለመደበቅ ብሎ መኮንኑ ፊት መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው። ዘንድሮ አስተካክለሽ ከከፈልሽ «የለብኝም» ብለሽ ቀና ብለሽ ትመልሻለሽ። በስምምነት እየከፈልሽ ከሆነም «አለብኝ» ብለሽ የስምምነቱን ደብዳቤና የከፈልሽበትን ይዘሽ ትገቢያለሽ። የስሚ ስሚ የኢሚግሬሽን ምክር ግን ከእኔም አትውሰጂ፤ ከማመልከትሽ በፊት አንድ ሰዓት ጠበቃ አናግሪ።

ያ «ተዪው» ያለሽ ሰው ወረቀቱ ላይ እንደ አዘጋጅ ፈርሟል? ኮፒውን አውጪና ግርጌውን እዪ። እየተከፈለው ታክስ የሚሠራ ሰው ፒቲን የሚባል ቁጥር ሊኖረውና ሊፈርም ግድ ነው። ቦታው ባዶ ከሆነ ሰውየው ወረቀቱ ላይ የለም፣ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ቢፈርምም ባይፈርምም ተጠያቂዋ ፈራሚዋ አንቺ ነሽ። ማስተካከያውን ለሌላ ሰው ስጪ፤ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ) ይሁን። ቪታ የሚባለው የነፃ አገልግሎትም ቀላል ስኬጁል ሲ ይሠራል፤ የቀደመ ዓመት ማስተካከያ ግን ሁሉም ጣቢያ ስለማይሠራ ደውለሽ ጠይቂ።

ላይቩን ተዪ የምልሽ አይደለሁም። ለከርሞ እንዳትጨናነቂ ግን ለመጦሪያው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል አዲስ ደብልዩ ፎር፣ ከደሞዝ የሚቆረጠው ታክስ የሚወሰንበትን ቅጽ፣ ስጪ፤ ተጨማሪ ተቀናሽ የሚል መስመር አለው፣ 4ሲ ነው፣ እዚያ 80 ዶላር ጻፊ። በየሁለት ሳምንቱ የምትከፈዪ ከሆነ 26 ጊዜ 80 ሲሆን የፌዴራሉን ድርሻ ይሸፍንልሻል። ለሜሪላንድ ደግሞ ኤምደብልዩ507 በሚባለው የስቴቱ ተመሳሳይ ቅጽ ላይ 26 ዶላር። ይህ ካልሆነ በዓመት አራቴ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 በግምት መክፈል ይመጣል፤ ቀን ሠርቶ ማታ ላይቭ ለሚገባ ሰው አራት ቀን ማስታወስ አይመችም። ገቢሽ ከጨመረ ቁጥሩን ከፍ አድርጊው፤ ከትርፉ በመቶ ሠላሳውን የእኔ አይደለም ብለሽ ያዢ።

ቀሚሱ? አይገባም። ውጪ ሊለበስ የሚችል ልብስ ለሥራ ብለሽ ብታሠሪውም የግል ነው፤ ያንን ቀሚስ ለጥምቀት አልለበስሽውም ብትይኝ ደግሞ አላምንሽም። ረከቦቱና ሲኒው ለላይቭ ብቻ ከተገዙ ደረሰኛቸውን አምጪ። የምትጠጪው ቡና ግን የራስሽ ነው።